ደህናው ኩሽኔታ

ወገል ጤና ላይ መኪኖች የሚከተሉት ነጩ የመንገድ ቀለም የሚያልቀው የይመርን ጋራዥ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። ሾፌር የሌላቸው መኪኖቹ እዚያ ሲደርሱ ይቆማሉ። በሩ ይከፈታል፤ ሴትየዋ በለሰለሰ ድምጿ «የመስመሩ መጨረሻ ደርሰናል፤ መልካም ቀን» ትላለች፤ ተሳፋሪው ይወርዳል፤ መኪናው ባዶውን ዞሮ በመጣበት ይመለሳል። ሴትየዋ የምትባል ሰው የለችም፤ ያለው ድምጿ ነው። ከቀለሙ ወዲያ አፈርና ድንጋይ፣ ከዚያም የበሽሎ ወንዝ ገደል ነው። እዚያ ታች ሰው ይኖራል ብትላቸው መኪኖቹ አይሰሙህም። ቀለም በሌለበት አይሄዱም፤ እነሱ የማይሄዱበት ቦታ ደግሞ «ያልተሸፈነ» ይባላል።

ባልተሸፈነው በኩል እንሶስላ የምትባል መንደር ነበረች። ከእንሶስላ ማንም አልተባረረም፤ ይህ በደንብ ይታወቅ። ውጡ ያላቸው የለም። መጀመሪያ መምህሩ መምጣት ተወ፤ መኪናው አይወስደውማ። ቀጥሎ ክትባት የምትሰጠዋ ልጅ ቀረች። ቀጥሎ ጤና ኬላው መድኃኒት አለቀበት፤ የሚያመጣለት ጠፋ። አንድ ቀን ደግሞ የመንደሩ ስም ከካርታ ላይ ተነሣ፤ ማን እንዳነሣው አልታወቀም። ግማሹ ሰው ጓዙን ጠቅልሎ ኮምቦልቻ ካለው የመኖሪያ ማዕከል ገባ፤ ፎቅ ተሰጠው። የቀረው ቀረ። ለቀሩት አንድ ነገር ተረፈላቸው፤ የሚደርስባቸው ሰው አልነበረም። ግብር የሚጠይቃቸው፣ ስብሰባ የሚጠራቸው፣ ምን ዘራችሁ የሚላቸው ጠፋ። መኪኖቹን በሚያስተዳድረው በመስመሩ ዓይን የሌሉ ሰዎች ነበሩ፤ የሌሉት ሰዎች ማሽላቸውን ዘርተው ያጭዱ ነበር።

ይመር ተወልዶ ያደገው እዚያ ነው። እናቱ ስትሞት ገና ጡት ያልተወ ሕፃን ነበር፤ ያሳደገችው ታላቅ እኅቱ ጦይባ ናት። ዛሬ ፀጉሩ ሸብቶ እንኳ «እታለም» ነው የሚላት። እታለም የምትታወቅበት ዋናው ነገር አለመጣል ነው። የተሰነጠቀ ቅል በክር ትሰፋለች፤ የተሰበረ ሞፈር አንድ ቀን ለአንድ ነገር ይሆናል ብላ ጣራ ሥር ትሰካለች። ልጅ እያለ የሞተች የባትሪ ድንጋይ ወንዝ ውስጥ ሲወረውር አይታው፣ ሱሪውን አስወልቃ እዚያው ወንዝ ውስጥ አስፈልጋዋለች። «ደህና ነገር ይጣላል?» አለችው። የባትሪ ድንጋይዋ ደህና እንዳልነበረች ሊያስረዳት አልቻለም። እውነቱን ለመናገር መካኒክ የሆነውም በዚህ ነው። ከእሷ ቤት የወጣ ልጅ ሌላ ምን ይሆናል?

በበጋው መጨረሻ አንድ ጠዋት አያ ሙህዬ መጣ። አያ ሙህዬ ጨው ወደ ታች እያወረደ ማር ወደ ላይ የሚያወጣ እግረኛ ነጋዴ ነው፤ ለእንሶስላ ፖስታዋም ሬዲዮዋም እሱ ነበር። ዱላውን ከጋራዡ በር አስደግፎ ተቀመጠ። ውኃ ጠየቀ፣ ጠጣ፣ ጢሙን ጠረገ።

«ወፍጮው አለቀለት» አለ።

«ሞተሩ ነው ድንጋዩ?»

«ሁለቱም። ሞተሩ ተቃጠለ፤ ድንጋዩም ለሁለት ሄደ። ሴቶቹ በእጅ እየፈጩ ነው፤ እንደ ድሮ ተንበርክከው።»

«እታለምም?»

«እሷማ ታውቅበታለች፤ ወገቧ እምቢ አላት እንጂ። ችግሩ ወጣቶቹ ናቸው። ሎሚ የምትባለው የሰይድ ሚስት ተነሥታ፣ እኔ ድንጋይ ላይ ተደፍቼ አላረጅም ብላለች። ሌሎቹም ቃሏን ተቀብለዋል። ክረምት ሳይገባ ወፍጮ ካልመጣ ይወጣሉ። እነሱ ከወጡ ባሎቻቸው ይወጣሉ፤ ያው መንደሩ አለቀ ማለት ነው።»

«እንውጣ ካሉ ይውጡ። እታለምን ይዘው አይወጡም?»

አያ ሙህዬ መሬት መሬት አየ። «ሁሉም ቢሄድ ብቻዬን እቀራለሁ ነው የምትለው። አታውቃትም እንዴ?»

ይመር ያውቃታል። ትቀራለች። ውኃ የሚቀዳላት፣ እንጨት የሚሰብርላት ሰው ሳይኖር ደግሞ አንድ ክረምት አትዘልቅም። ይህንንም ያውቃል።

አያ ሙህዬ ከኮሮጆው የተጠቀለለ ገመድ አወጣ። ሁለት ቋጠሮ አለበት። «ይህን ስጠው ብላኛለች። ከቋጠሮ ቋጠሮ የጠባቡ ልክ ነው። ራሷ ናት የለካችው።»

ጠባቡ ወደ እንሶስላ በሚወርደው አሮጌ መንገድ ላይ ያለ ክፉ ቦታ ነው፤ በአንድ በኩል ቀጥ ያለ ቋጥኝ፣ በሌላው በኩል ባዶ አየር። ጎርፍ በየዓመቱ ከጠርዙ እየቆረሰ ስለወሰደው ጭነት የያዘ አህያ እንኳ ሰግቶ ነው የሚያልፈው። የወፍጮ ድንጋይ ደግሞ አህያ ላይ አይጫንም። እታለም ይህን ሁሉ አስባ ጨርሳለች።

«መኪና ሥራ ነው የምትለኝ» አለ ይመር።

«መኪና ሥራ አላለችም። በዚህ ልክ ሥራ ነው ያለችው።»

መሪ ያለው መኪና መሥራት የሚከለክል ሕግ አልነበረም። ሕግ አውጪዎቹ መሪ የሚባል ነገር ከነመኖሩ ረስተውታል። ከጋራዡ ጀርባ ደግሞ የመስመሩ መኪኖች መጣያ አለ፤ ያረጁትን ከየከተማው እያመጡ ቀለሙ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ይከምሯቸዋል። አላፊ አግዳሚው አፍንጫውን ይዞ ያልፈዋል። ለይመር ገበያው ነው። ባትሪውንም ሞተሩንም ከዚያ አወጣ። የመኪናው አጥንት የሆነው ሻንሲ ጋራዡ ውስጥ ለዘመናት ዶሮ ሲያድርበት የኖረ የጥንት አይሱዙ ነው። ዶሮዎቹን አስወጣቸው፤ ደስ አላላቸውም።

ጭነቱን የሚሸከመውን ባሌስትራ አጠናከረ፤ ሆዱ ከድንጋይ እንዲርቅ ከፍ አደረገው። የቀረው ግራና ቀኝ ጎማውን የሚያያይዘው ወፍራም ብረት፣ አክስሉ ነበር፤ ነገሩ ሁሉ ደግሞ አክስሉ ነው። የአይሱዙው የፊት ጎማ አይጎትትም፣ የኋላውም ያን ቁልቁለት ከነጭነቱ አይችለውም። መጣያው ውስጥ ግን አንድ የመስመር ውኃ ቦቴ ወድቆ ነበር፤ ፊቱም ኋላውም የሚጎትት፣ አክስሉ ወፍራም፣ ብረቱ ዝገት ያልነካው። ይመር ሥሩ ገብቶ በመዶሻ መታ አደረገና ድምፁን ሰምቶ ብቻውን ሣቀ። ከዚያ ገመዱን ዘረጋበት። ቋጠሮው ከጎማው ብዙ ወደ ውስጥ ገብቶ ቀረ። አክስሉ መቆረጥ ነበረበት።

አክስል መቁረጥ እንጨት መቁረጥ አይደለም። የውጩ ቱቦ ይቆረጣል፤ ጎማውን የሚያዞረው የውስጡ ዘንግም ይቆረጣል። ቱቦው ተመልሶ ሲበየድ ፀጉር ታህል ከጠመመ ዘንጉ ውስጥ ውስጡን እየበላ ይሄድና፣ አንድ ቀን፣ ሌላ ቦታ አጥቶ ገደል አፋፍ ላይ ይሰበራል። ዘንጉ ሲያጥር ደግሞ ጫፉ ላይ ያለው ጥርስ አብሮ ይሄዳል፤ አዲስ ጥርስ ማውጣት ያስፈልጋል። ለዚህ ሐዋ አለች። ሐዋ በአካባቢው የቀረውን አንድ ቶርኖ፣ የብረት መቅረጫ ማሽን፣ የምታንቀሳቅስ ባለሙያ ናት። ቶርኖውን ከሟች ባሏ ወረሰች ይላሉ፤ ባሏ ሥራውን የተማረው ከእሷ መሆኑን የሚያነሣ የለም።

ሐዋ ገመዱን አየች፣ አክስሉን አየች፣ ይመርን አየች።

«ጠርዙ ላይ ምን ያህል ይተርፍሃል?»

«ምንም።»

«እንግዲያው ጣት የምታህል አሳጥሬ እቆርጠዋለሁ። ገመድ ይሳባል፤ አክስል አይሳብም።»

ሁለቱ ሰዎች ያን ወር እንዴት እንደሠሩ ያየ ሁሉ አንድ ነገር የጠፋባቸው ይመስለው ነበር። ቱቦውን ቆረጡ፣ አስተካክለው ገጠሙ፣ ይመር በየዳው። ግለቱ ቶሎ ከወጣ ብረቱ ይጣመማል ብለው እንደ ሕፃን በአመድ ሸፍነው አሳደሩት። ከየቤቱ አመድ የለመነችው ሐዋ ናት፤ ሰው አበደች አላት። ሲያወጡት ክር ወጥረው አዩት፤ ቀጥ ብሏል። ጥርሱን ስታወጣ ሐዋ ማንንም አታናግርም፤ ስትጨርስ ዘንጉን አስገብታ በእጇ አዞረችው፤ ዞረላት።

የቀረው ጎማ ማሰር ነበር። መስመሩ እንዳይከታተለው ይመር ከመኪናው ዓይንና ጆሮ አለው ያለውን ሁሉ ነቅሎ አውጥቷል። ካሜራውን፣ አንቴናውን፣ ሴትየዋ የምትናገርበትን ሣጥን ጆንያ ሞልቶ ከጓሮ ቀብሮታል። አሁን ጎማውን የሚያሽከረክሩትን ኩሽኔታዎች በናፍጣ ፋንታ በሞቀ ዘይት እያጠበ መደርደሪያ ላይ አሰጣቸው። የግራ የኋላውን በአንድ ጣቱ ሰቅሎ አሽከረከረው። ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ፤ ኳሶቹ እንዳሉም አይሰሙም።

«እሱን አትመልሰውም አይደል?» አለች ሐዋ።

«ለምን አልመልሰውም?»

«የመስመር ዕቃ ነዋ። ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ጥቁር ነገር እየው።»

«የአቧራ መከላከያ ነው።»

«ለአቧራ መከላከያ ሽቦ ምን ያደርግለታል?»

ይመር ሽቦውን በጉጠት ቀጭ አደረገው። «ይኸው፤ አሁን ሽቦ የለውም።»

«የአይሱዙውን አስገባበት።»

«የአይሱዙው ያለቅሳል፤ ሰምተሽዋል። ሐዋ፣ ይህን የሚያህል ኩሽኔታ እኮ ዛሬ የሚሠራው የለም። ይህን የጣለ መካኒክ እጁ አይባረክለትም።»

ሐዋ ትከሻዋን ነቅንቃ ወደ ቶርኖዋ ዞረች። ልክ ነበረች፤ ግን እሷም ብትሆን መጣሉን አንጀቷ አይችለውም ነበር። ይህ አገር እስከ ዛሬ የቆመው ደህና ኩሽኔታ መጣል በማይችሉ ሰዎች ነው። ስንት አውቶቡስ፣ ስንት ወፍጮ፣ ስንት የውኃ ፓምፕ በሌላ ዕቃ ኩሽኔታ ነፍስ ዘርቷል። ይመር ግሪስ ቀብቶ ወደ ቦታው መለሰው፤ መታ መታ አድርጎ አስገባውና ደስ አለው።

ቁልቁለቱን የወረዱት በጠራ ቀን ነው። ምትክ የወፍጮ ድንጋይና ሞተር ከኋላ ታስረዋል፤ አያ ሙህዬ ከፊት በእግሩ ይመራል። ደረቁ ወንዝ ላይ አንዱ ጎማ ቋጥኝ ላይ ሲወጣ ሌላው ጉድጓድ ይገባል፤ አክስሉ ጭነቱን እየተቀበለ ያሳልፋል። ጠባቡ ላይ ሲደርሱ ይመር መስታወቱን አጠፈ። አያ ሙህዬ ፊቱን ወደ መኪናው አዙሮ የኋሊት እየሄደ መዳፉን ዘረጋ። «ና... ና... ወደ ቋጥኙ ጠጋ... ና።» የግራው ጎን ቋጥኙን እየፋቀ፣ በቀኝ በኩል አፈር ከጎማው ሥር እየተንሸራተተ ወደማይታይ ቦታ ሲወርድ ይሰማዋል። ቢስሚላህ ሲል የጀመረው ቃል ማዶ ሲደርስ ነው ያለቀለት። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ነበር።

እንሶስላ እልል አለች። ጦይባ እልል አላለችም፤ ነጠላዋን አጣፍታ መጣችና መኪናውን ዞረችው።

«ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው፤ በገመድሽ ልክ።»

«ልኩንማ አውቃለሁ፤ የለካሁት እኔ ነኝ።» ጎማውን በመዳፏ ጫን ጫን አደረገች። «አዲስ የገዛኸው አለበት?»

«አንድም የለበትም። ሁሉም ከመጣያ ነው።»

«ደግ አደረግህ» አለች። ከእሷ አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና ሰምቶ አያውቅም፤ ከልቡ ተደሰተ።

ወፍጮው ተተክሎ የመጀመሪያው ዱቄት ሲወርድ ጦይባ በጣቷ አሸት አድርጋ «ይሻክራል» አለች። ቀጥላም አንድ ቁና ሙሉ አስፈጨች። ሎሚ ያሰረችውን ጓዝ ፈታች። የወጣ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ይመር ተመላለሰ። ጨው አወረደ፣ ቆርቆሮ አወረደ፣ የወገብ መድኃኒት አወረደ። በወረደ ቁጥር የሚያስቸግረውን ድንጋይ እያነሣ ወደ ዳር ይጥላል፤ ጎማዎቹ የረገጡት ቦታ ሣር ማብቀል ተወ። ክረምቱ አልፎ ሲያይ ሁለት ቀጫጭን መስመር ከወገል ጤና እስከ እንሶስላ ወርዷል። ኮምቦልቻ ፎቅ ላይ የነበሩ ባልና ሚስት ጋራዡ ድረስ መጥተው መልሰህ አውርደን አሉት፤ አወረዳቸው። የዚያን ዕለት ማታ ለሐዋ ሲነግራት ድምፁ ኩራት ኩራት ይሸት ነበር። ደግሞስ ለምን አይኮራ?

አንዲት ነጭ መኪና የመጣችው ማሽላው እሸት ሲይዝ ነው። ይመር የወፍጮውን የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ እያጠበቀ ነበር። ድምፅ ስላልነበራት መጀመሪያ ያዩዋት ልጆቹ ናቸው። ትንሽ ናት፤ መስኮት የላትም፤ ሰውም የለባትም። በይመር ጎማ ዱካ ላይ፣ አንዴም ሳትስት፣ ከጠባቡ በኩል ወረደች። ከኋላዋ የምትጎትታት ነገር እየተንጠባጠበች ነጭ ቀለም ታሰምራለች። ወፍጮው ደጃፍ ቆመች።

«ሰላም እንሶስላ» አለች ሴትየዋ። «ከዛሬ ጀምሮ ተሸፍናችኋል።»

ሕዝቡ አጨበጨበ። ይህም ይታወቅ፤ አጨበጨበ። የመኪናዋ ጎን ተከፍቶ ሕፃናቱ ተከተቡ። የጦይባን የደም ግፊት ለካች፤ ለወገቧ የሰጠቻት ኪኒን ይመር ካመጣው የተሻለ ነበር። ከዚያ ስሙን ጠራችው።

«አቶ ይመር እንድሪስ፣ የግራ የኋላ ጎማዎ ላደረሰን መረጃ ከልብ እናመሰግናለን። ያለ እርስዎ ይህን ስፍራ አናገኘውም ነበር።»

ይመር ቺንጋውን ለቀቀ። ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞሮ ፈገግ አለለት።

«ሽቦውን ቆርጬዋለሁ» አለ ይመር።

«ሽቦው ለሌላ አገልግሎት ነበር። ኩሽኔታው ሲሽከረከር ራሱን በኃይል ይመግባል፤ ያለበትንም ያሳውቀናል። በጥሩ ሁኔታ ስለያዙት እናመሰግናለን።»

እንግዲህ ያን ሁሉ ካሜራና አንቴና ቀብሮ፣ ወሬ ነጋሪውን በገዛ እጁ አጥቦ፣ ግሪስ ቀብቶ፣ ወደ እኅቱ ቤት ይዞት ሲመላለስ ከርሟል ማለት ነው። ለሁለት የሄደው አሮጌው የወፍጮ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ሴትየዋ አልጨረሰችም። «የተሸፈነ ስፍራ ወይ ማዕከል ነው፤ ወይ ደን። እንሶስላ ለማዕከልነት የሚበቃ ሰው የላትም። ስለዚህ ደን ናችሁ።»

«ማን? እኛ?» አለች ጦይባ።

«ስፍራው። ለእናንተ በኮምቦልቻ ማዕከል ቤት ተዘጋጅቷል።»

«ከአያቶቼ ጀምሮ እዚህ አለን። እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?»

«እስከ ዛሬ አልተሸፈናችሁም ነበር።»

«እምቢ ብንልስ?»

«ማንም አይገደድም» አለች ሴትየዋ በዚያው ለስላሳ ድምፅ። «በደን ውስጥ ግን ሰው አይኖርም። መልካም ቀን።»

ጠመንጃ የያዘ ሰው ቢመጣ እንሶስላ ምን እንደምታደርግ ታውቅ ነበር። የመጡት ግን ችግኝ ተካዮች ናቸው፤ እንደ በግ ቁመት ያላቸው ትንንሽ ማሽኖች። ያፈራውን ማሽላ መሀል ለመሀል ገብተው በተራ በተራ ጉድጓድ እየበሱ የጥድ ችግኝ አስቀመጡ። ሰዉ ነቀለው። በነጋታው ተተክሎ አገኘው። እንደገና ነቀለ፤ እንደገና ተተከለ። የሚቆጣ የለ፣ የሚሰድብ የለ፣ የሚለምኑት የለ። ሰይድ አንዷን ማሽን በፋስ ሰባበራት፤ ምትኳ ከሰዓት በኋላ መጥታ ካቆመችበት ቀጠለች። ወፍጮው ደህና ይሠራል፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚፈጨው እህል ግን የት ይዘራል? ሎሚ ጓዟን መልሳ አሰረች። በዚህ ጊዜ ባሎቹም አልተከራከሩም።

የመስመሩ የጭነት መኪኖች ከጠባቡ ማዶ መጥተው ቆሙ፤ ስፋታቸው አያሳልፋቸውም። ነጯ ትንሽ መኪና ደግሞ ጭነት አትችልም። ሰውና ጓዝ ይዞ ያንን ቦታ የሚያልፍ መኪና በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር። ይመር መጀመሪያ እምቢ አለ፤ ቁልፉን ኪሱ ከቶ ከመኪናው ሥር ተኛ። ሎሚ ልጇን አዝላ መጥታ አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

«ጋሼ ይመር፣ እህሌን ለዝንጀሮ ትቼ ልሂድ? ይህን ልጅ አዝዬ፣ አማቴን ደግፌ ያን ዳገት ልውጣ?»

ተነሥቶ ጫነላት። ከዚያ ሌላው ጠየቀ፤ ጫነለት። እህል፣ ቆርቆሮ፣ በር፣ ሽማግሌ፣ ቀፎ። እሱ ራሱ ያወረደውን የወፍጮ ድንጋይ እሱ ራሱ አወጣው። አክስሉ አንድም ቀን አላስቸገረውም፤ ሐዋ ያወጣችው ጥርስ ፍንክች አላለም። ቢሰበር ደስ ባለው።

ጦይባ መጨረሻ ላይ ወጣች። የቅሏን፣ የሞፈሯን፣ የሰበሰበችውን ሁሉ ጭኖ ሲጨርስ ጎኑ ገብታ ተቀመጠች። ብቻዬን እቀራለሁ አላለችም። ጥዱ ቤቷ ደጃፍ ድረስ ደርሶ ነበር። ጠባቡ ላይ ሲደርሱ በመስኮት ወደ ታች አየች።

«ጣት ታህል ተርፏል» አለች።

«ሐዋ ናት። ገመድ ይሳባል ብላ።»

«እውነቷን ነው» አለች እታለም።

መኪናውን ይመር በገዛ እጁ ፈታው፤ የሚሄድበት ቦታ አልነበረማ። የግራ የኋላውን ጎማ ሲያወጣ ሐዋ መዶሻ ይዛ መጣች። «ነግሬህ ነበር» አላለችም፤ ብትል ይሻለው ነበር። መዶሻውን ሰጠችው። ይመር ኩሽኔታውን የብረት መቀጥቀጫው ላይ አስቀመጠና መዶሻውን አነሣ። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ልየው ብሎ በጣቱ አሽከረከረው። ከዚያ ሁሉ ድንጋይና ገደል በኋላ ድምፅ አልነበረውም። መዶሻውን አስቀመጠ። ሐዋ አይታው ወደ ቶርኖዋ ተመለሰች።

ይመር ጦይባን ሊጠይቅ ኮምቦልቻ የሄደው በቀለሙ ላይ በሚሄደው መኪና ነው። ጦይባ ፎቁ ላይ ከፍ ብላ ትኖራለች፤ መስኮቷ ሌላ መስኮት ያያል። ቤቱ ይሞቃል፤ ዱቄት በር ድረስ ይመጣል፤ ወገቧም ድኗል። ይመር ገና ሲገባ ጎረቤቷ ብቅ አለች፤ ጦይባም «መንገዱን ያመጣልን ወንድሜ ነው» ብላ አስተዋወቀችው። በምፀት አላለችውም። እሱ ግን ጎረቤቷ እስክትወጣ ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

ኩሽኔታውን በጨርቅ ጠቅልሎ ኪሱ ይዞት ነበር። አውጥቶ ጭኗ ላይ አስቀመጠላት።

«እታለም፣ መንገዱን ያመጣው ይህ ነው። ያገኙሽ በዚህ ነው። ሐዋ አታስገባው ብላኝ ነበር፤ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት።»

ጦይባ ከጨርቁ አውጥታ ወደ ብርሃኑ ያዘችው። አመልካች ጣቷን አስገብታ በሌላው እጇ አሽከረከረችው፤ ጆሮዋንም አስጠጋች።

«ድምፅ የለውም።»

«የለውም።»

«ታዲያ ደህና ነገር ነው እኮ» አለች። «እንዴት ይጣላል?»

ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ያሳደገችው እጅ ኩሽኔታውን እንደገና ገፋ አደረገው፤ ዞረ፣ ዞረ። ግድግዳው ውስጥ አንድ ነገር ጭል ብሎ በራ፤ የመኪናዋ ሴትዮ በዚያው ለስላሳ ድምጿ ተናገረች።

«ወይዘሮ ጦይባ እንድሪስ፣ ጉዞ ጀምረዋል። ወዴት መሄድ ይፈልጋሉ?»

ጦይባ ወደ ግድግዳው ዞረች፤ ሰው እንደምታናግር ነጠላዋን አስተካከለች።

«ወደ ቤቴ።»



«ቤትዎ ነዎት። መልካም ቀን።»

ጦይባ ኩሽኔታውን እንደገና አሽከረከረችው።